ስለ ደሴት መጻሕፍትና ስለ ንባብ ክፍላችን
(በደብራችን የ50ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች በዚህ ጉባኤ ፊት ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ ስለ ምን እንደምናገር አልወሰኑልኝም ነበር። እኔም ጡረታ የወጣሁ የፊደል አስተማሪ እንጂ ሊቅ አይደለሁምና፥ ከማላውቀው ነገር ገብቼ ከምሳሳት ይልቅ ብዙ ዘመን በእጄ ስለ ነበረው ነገር ብናገር ይሻላል ብዬ ስለ መጻሕፍት ለመናገር ቈረጥሁ። ይህን ነገር የመረጥሁበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱን ግን ወደ ኋላ እገልጠዋለሁ።

ከዚህ ካዋሳ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፎ፥ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ ከሄደ በኋላ፥ ቀድሞ ዝዋይ ዛሬ ባቱ ከሚባለው ከተማ ይደርሳል። በስተቀኙም ሰፊው የዝዋይ ሐይቅ ተዘርግቶ ይታየዋል። በዚያ ሐይቅ ላይ 5 ደሴቶች አሉ፤ ከነርሱም ትልቋ በኦሮምኛ ቱሉ ጉዶ የምትባለው ናት፤ ትርጓሜውም ትልቁ ኮረብታ ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስሟ ግን ደብረ ጽዮን ይሏታል። እኛ ያዋሳ ሰዎች ስንት ጊዜ ባውቶቡስ ባጠገቧ አልፈናል! ዐሣ ለመብላት ከመንገድ ወርደን ይሆናል እንጂ፥ በውሃው መካከል የተቀመጠችውን ያችን ኮረብታ ቀና ብሎ ያስተዋላት ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔም ራሴ ብዙ ዓመት ከማያስተውሉት ወገን ነበርሁ።

አባቶች ሲናገሩ፥ በዮዲት ጉዲት ዘመን አክሱም በጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንንና መጻሕፍቱን ተሸክመው እየሸሹ እስከዚህች ደሴት ደረሱ፥ በዚያም ብዙ ዓመት ተቀመጡ ይላሉ። የታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ዘመን ወደ 10ኛው መቶ ዓመት ግድም ያደርጉታል። ነገሩ ካፍ ወዳፍ ሲተላለፍ የመጣ ታሪክ ነው፤ እኔም እንደ ሰማሁት እነግራችኋለሁ። ዳሩ ግን በደሴቲቱ ገዳም የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው መቈየታቸው ያፍ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሄዶ ያየ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1529 እስከ 1543 ዓ.ም. ባገራችን በሆነው ታላቅ ጦርነት የደጋው አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ሲቃጠሉ፥ በውሃ ከተከበቡት ቦታዎች አንዳንዶቹ መሸሸጊያ ሆነዋል።

በደሴቶቹ ላይ የኖሩት ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ዐሣ አጥማጆች፥ ገበሬዎችና ሸማኔዎች ናቸው። ቋንቋቸው ከግዕዝና ካማርኛ ወገን ሆኖ ይልቁንም ለስልጥኛና ለሐረርኛ ይቀርባል። እንግዲህ አስቡ፤ በቤቱ በዛይኛ የሚነጋገር፥ ተሻግሮ በገበያ ኦሮምኛ የሚናገር፥ የመጽሐፉ ቋንቋ ግን ግዕዝ የሆነበት ሕዝብ፥ ያን ሁሉ ዘመን ብራናውን ሳይጥል ጠበቀ። ብዙው ሰው ማንበብ የማይችለውን መጽሐፍ እንደ ዐይኑ ብሌን መጠበቁ እጅግ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ባሰብሁት ቍጥር አንድ ኀዘንም ይሰማኛል፤ መጽሐፉ ከሰውየው ጋራ ባንድ ደሴት ሲኖር፥ ሰውየውና መጽሐፉ ሳይነጋገሩ ስንት ትውልድ አለፈ?

ሰው ሁሉ የደሴት መጻሕፍትን ያዳናቸው ውሃው ነው ይላል። እውነት ነው፤ ውሃ እሳትን ይከለክላል፥ ፈረሰኛንም ያቆማል። ነገር ግን ውሃ ብል አይከለክልም፤ አይጥንም አይከለክልም፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ መረሳትን አይከለክልም። ብራና ካልተገለጠ ይደርቃል፥ ይጣበቃል፤ ቀለሙም ይለቃል። ስለዚህ መጽሐፍ ካንድ ዘመን ወደ ሌላ ዘመን የሚሻገረው የሚያነበውና የሚገለብጠው ሰው ሲያገኝ ነው። ይህንንም ከማንኛውም ቦታ ይልቅ የሚያስረዳ የወሎው የሐይቅ እስጢፋኖስ ታሪክ ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ጥንት ደሴት ነበረ፤ ዛሬ ግን ከምድሩ ጋራ ስለ ተያያዘ በእግር ይገባበታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1248 ዓ.ም. ግድም አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በዚያ አበምኔት ሆኑ። እኒህ አባት በደብረ ዳሞ ሳሉ በጽሕፈት ሥራ የተመሰገኑ እንደ ነበሩ ገድላቸው ይናገራል። በሐይቅም ገዳሙን ትምህርት ቤት አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ተምረዋል። የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስን የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክም ከዚያው ወጡ። እንግዲህ ካንዱ ደሴት የተነሣ ትምህርት ወደ ሌላው ደሴት ተሻገረ ማለት ነው፤ ውሃውም አልከለከለውም።

በሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1280 እስከ 1281 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው፤ የርሳቸውም ሥዕል አለበት። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ሥዕሉ አይደለም። በዚያው ወንጌል ባዶ ቦታ ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። አያችሁ፤ ባገራችን ልማድ በወንጌል ላይ የተጻፈ ነገር አይካድም፤ ርስትና ጒልትም ሳይቀር ወርቀ ወንጌል በሚባለው ላይ ይመዘገብ ነበር። እነዚያ አባቶች የመጻሕፍታቸውን ቍጥር እንደ ርስት ቈጥረው በማይካድበት ቦታ ጻፉት። ዛሬ በየቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ የምንለው ነገር ከውጭ አገር የመጣብን ሥርዐት ይመስለናል፤ ከ700 ዓመት በፊት ግን በደሴት ላይ ነበረን።

ያ ወንጌል በኋላ ዘመን ሌላም ደግነት አግኝቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ ከአሜሪካ ተቋሞች ጋራ ተስማምቶ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉትን የብራና መጻሕፍት በጥቃቅን ፊልም ማንሣት ተጀመረ። 9 ሺህ ያህል መጻሕፍትም ተነሡ፤ የሐይቁ ወንጌል በዚያ መዝገብ ቍጥሩ 1832 ነው። ብዙ ዓመት ተቀምጠው መጻሕፍቱን አንድ ባንድ እያነበቡ ዝርዝራቸውን የጻፉት በ2021 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። አንድ አስተማሪ ልጆቹን በስም እንደሚያውቅ እርሳቸውም እነዚያን መጻሕፍት ያውቋቸው ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ስለ ጣና ብዙ አልናገርም፤ ብዙ ተነግሮለታልና። ክብራን ገብርኤል፥ ዳጋ እስጢፋኖስ፥ ጣና ቂርቆስ፥ ሬማ መድኃኔ ዓለም፥ እያንዳንዳቸው መጻሕፍት አላቸው። ወደነርሱም የሚሻገረው ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በሞተር ጀልባ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ላመልክት። መጽሐፍ በዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖረው ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ነው፤ ማኅደሩም በትከሻ የሚነገት ማንገቻ አለው። ለመስቀያ ብቻ ቢሆን ቀለበት በበቃው ነበር። ማንገቻው የተበጀለት መጽሐፍ መንገደኛ ስለ ሆነ ነው፤ ተማሪው ካንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲሄድ ዳዊቱን አንግቶ ይሄዳልና።

ይህን ስናገር አንድ ሰው፥ «መጽሐፍ ከቦታው ሲነቃነቅ ይጠፋል» ይለኝ ይሆናል። መልካም ነው፤ ከቦታው ያልተነቃነቀው አልጠፋምን? ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናትና ከሌላም ስፍራ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው በመቅደላ አምባ አከማቹ። አሳባቸው ታላቅ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ባንድ ቀን ከእጃችን ወጣ፤ ከርሱም 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ይገኛል። ባንድ ቦታ የተከማቸ ነገር ባንድ ቀን ይሄዳል፤ በየደብሩና በየተማሪው ትከሻ የተበተነው ግን እስካሁን አለልን።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ዮሐንስ ወንጌላዊ በተሰደደባት በፍጥሞ ደሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1088 ዓ.ም. ገዳም ተመሠረተ፤ በ1200 ዓ.ም. መነኮሳቱ መጻሕፍታቸውን ቈጥረው 330 መሆናቸውን ጻፉ። የኖርዌይ ሰዎች ደግሞ በባሕራቸው ዳርና በደሴቶቻቸው ለሚኖሩት ከ1959 እስከ 2020 ድረስ በመርከብ መጻሕፍት እያመላለሱ ያዋሱ ነበር፤ መርከቢቱም ከ1963 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ የተሠራች ሆና 6 ሺህ ያህል መጻሕፍት ትይዝ ነበር። ደሴተኛው ወደ መጽሐፍ መሄድ ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ደሴተኛው ይሂድ ብለው ነው።

እኛስ? በሐይቃችን ላይ ገዳም ያለበት ደሴት የለንም። ነገር ግን በምድር ላይ ሳለ ደሴት የሆነ ሰው አለ። በጥዋት አሞራ ገደል ወርዶ ዐሣ የሚያበልት፥ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት የሚገባ፥ በማታ ደግሞ መብራት ከሌለበት ቤት የሚተኛ ልጅ መጽሐፍ በተመለከተ ከዛይ ደሴት በምን ይሻላል? ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅስ? በዙሪያቸው ያለው ውሃ ባይታይ ነው እንጂ ጥልቅ ነው።

ይህንን አስቀድሞ ያየ ሰው በዚህችው ከተማ ሥራ ሠርቷል፤ ብዙዎቻችሁም ታስታውሱታላችሁ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የተወለዱት በነገሌ ቦረና ነው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ በቀር ለራሳቸው ደስታ የሚያነቡት መጽሐፍ በእጃቸው የገባው የ19 ዓመት ወጣት ከሆኑ በኋላ እንደ ነበር ተናግረዋል። ከዚያም ተሰደው በሱዳን በኩል አሜሪካ ገቡ፤ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆነው ሠሩ። በዚያም ከብዙ አገር የመጡ ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያገኙ ያማርኛ የልጆች መጽሐፍ ግን በመደርደሪያው ላይ ማጣታቸው አሳዘናቸው፤ ስለዚህ ስለ ሞኙ ማሞ የሚናገር የልጆች መጽሐፍ ባማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ባዋሳ ሌላ የንባብ ቤት ተከተለ፤ ከርሱም ጋራ ካገር ውጭ ሳይቀር ስሙ የተጠራው ያህያ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ።

ያህያ ቤተ መጻሕፍት ምን እንደ ሆነ ላላያችሁት ልንገራችሁ። በጋሪ ላይ መደርደሪያ ተሠራ፤ በመደርደሪያው የልጆች መጻሕፍት ተሞሉ፤ ጋሪውን አህያ ይስባል። ከዛፍ ጥላ ሥር ሲደርስ መዝጊያው ይከፈታል፤ ልጆቹም የመረጡትን አንሥተው ተቀምጠው ያነባሉ። ያን ጊዜ የሣቁ ሰዎች ነበሩ፤ አህያና መጽሐፍ ምን አገናኛቸው እያሉ። እኔ ግን ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም የገባበትን ቀን እያሰብሁ አልሣቅሁም። በዚያ ጋሪ ዙሪያ የተሰበሰቡት ልጆች ከሀብታምም ከድኻም፥ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ነበሩ፤ ዋስ የጠየቃቸውም አልነበረም። አቶ ዮሐንስም በ2008 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዓመቱ 10 ጀግኖች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሆኑ።

አሁን በመጀመሪያ የሸሸግሁትን ምክንያት ልግለጥ። ከ9 ዓመት በፊት ይህ ደብር ካንድ ቁም ሣጥን ጋራ ምእመናን በልግስና የሰጧቸውን 200 ያህል መጻሕፍት ለኔ አስረከበኝ፤ ቍልፉንም ሰጠኝ። እኔም ቍልፉን በክር አስሬ ባንገቴ አንጠለጠልሁት። መጻሕፍቱን በመልካም ጽሕፈት መዘገብሁ፥ ቍጥር ለጠፍሁባቸው፥ አቧራቸውን ጠረግሁ። ከዚያም ቈለፍሁ። በስብሰባ በተጠየቅሁ ጊዜ ሁሉ፥ «አንድም መጽሐፍ አልጠፋም» እያልሁ ሪፖርት አቀርብ ነበር፤ እናንተም ታጨበጭቡልኝ ነበር።

አንድ ቀን እጁ ገና ዐሣ ዐሣ የሚሸት፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጣና፥ «ጋሼ፥ ስለ ከዋክብት የሚናገር መጽሐፍ አለ ብለውኝ ነበር፤ ያሳዩኛል?» አለኝ። መጽሐፉ ነበረ። እኔ ግን የማኅበር ቀን ስለ ነበረ ቸኵዬ፥ «ልጄ፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና» አልሁት። እሑድ መጣ፤ እኔ ለቅሶ ደርሼ አልተገኘሁም። በሦስተኛው ሲመጣ እጁን ተመለከትሁ፤ መጽሐፉንም አሰብሁ፤ «እንግዲያው ዋስ የሚሆንህ ሰው አምጣ» አልሁት። አንገቱን ደፋና፥ «እሺ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

የዚያኑ ዓመት ክረምት በጕልበቴ ሕመም ምክንያት ቁም ሣጥኑን ሳልከፍት አራት ወር አለፈ። ለመስከረም ልከፍተው ብሄድ ምስጥ ከግድግዳው ሥር ወጥቶ በጀርባው ገብቶ ነበር። ከታች ያሉት ሁለት መደርደሪያዎች እንዳለ ዐፈር ሆኑ። መጽሐፉን በጀርባው ሳየው ደኅና ይመስላል፤ ሳነሣው ግን በእጄ ላይ ይፈርሳል። ስለ ከዋክብት የሚናገረውም ከዚያው ውስጥ ነበረ። ሌባ አንድ መጽሐፍ ስንኳ አልወሰደብኝም፤ የወሰደብኝ ምስጥ ነው፤ ለምስጡም በር የከፈትሁለት በመቈለፌ ነው። ይህን እስከ ዛሬ በጉባኤ አልተናገርሁም። «አርጅተው ተወገዱ» ብዬ ነበር የጻፍሁት። ዛሬ በኢዮቤልዩ ቀን መዝገቡ ይታረም ዘንድ እናገራለሁ።

በሚመጣው ወር ሰበካ ጉባኤያችን ስለ አጥሩ ጥግ ክፍሎች ሊመክር ነው። በመንገዱ በኩል ሦስት ክፍሎች ተሠርተዋል። ሦስቱንም ለሱቅ እናከራይ የሚል አሳብ ቀርቧል። አሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች መጽሐፍ የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም፤ የጣራው ቆርቆሮ መለወጥ አለበት፥ የካህናቱ ደመወዝም በጊዜው መከፈል አለበት፥ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ነው የሚሉት። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ እኔም በነርሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው በጠየቅሁ። ስለዚህ ሦስቱም ለንባብ ይሁኑ አልልም። ሁለቱ ይከራዩ፤ ሦስተኛዋ ይልቁንም የመጨረሻዋ፥ መስኮቷ ወደ ምሥራቅ የሆነው፥ ትተርፍልን። ከመንገድ ራቅ ስለምትል ኪራይዋም ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ ጸጥታዋ ግን የበለጠ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት ከተባለ በኋላ የመጨረሻው ማዕርግ መጽሐፍ ቤት ይባላል። መጽሐፍ ቤት ማለት መደርደሪያ ማለት አይደለም። አንዱ ተማሪ ያነባል፤ መምህሩ «አንድም» እያሉ ይተረጕማሉ፤ ሌላው ያደምጣል፥ ይጠይቃል። ብሉያት፥ ሐዲሳት፥ ሊቃውንት፥ መነኮሳት፥ እያለ እስከ ሽበት ይዘልቃል። መጻሕፍቱ ጥቂት፥ ምናልባትም አንድ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቤቱ ግን መጽሐፍ ቤት ነው። አባቶቻችን ስሙን የሰጡት ለተሰበሰቡት ሰዎች ነበር። እኔ ቁም ሣጥኑን ይዤ ቤቱን አጥቼ ነበር።

እንግዲህ ክፍሊቱ ብትፈቀድልን ሥራዋ እንዲህ ይሁን ብዬ አስባለሁ። መጽሐፍ የሚዋሰው ሰው ስሙንና ሰፈሩን በመዝገብ ያስጽፍ፤ ዋስ አይጠየቅ። ከመቶ አምስት ቢጠፋ ይጥፋ፤ ምስጥ ከዚያ ይበልጥ ወስዷል። የማያነቡ እናቶች የሚገቡበት ሰዓት ይኑር፤ አንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ጋዜጣም ሆነ ስንክሳር ታንብብላቸው፤ ከቀበሌ የመጣላቸውን ወረቀትም ታስረዳቸው፥ ቅጹንም ትሙላላቸው። ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላችኋል፤ ነገር ግን አንዲት እናት የመሬቷን ወረቀት ይዛ ከደጄ ቆማ፥ የማታነበውን ነገር በጣቷ እየዳሰሰች ስትለምነኝ ያየሁበትን ቀን አልረሳም። ክብራንና ዳጋ ለሴቶች የማይገባባቸው ደሴቶች ናቸው፤ ያ የገዳም ሥርዐት ነው፥ ይከበራል። የእኛ ክፍል ግን ገዳም አይደለችምና ሴት ልጅ ከደጃፏ እንዳትመለስ።

ስለ መጻሕፍቱም አንድ ነገር አለኝ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። በየትምህርት ቤቱ በሲዳምኛ የሚማሩ ልጆች አሉን፤ የሚጽፉትም በላቲን ፊደል ነው። አንዳንድ ሰው፥ «በቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ የግዕዝና ያማርኛ መጽሐፍ ይበቃል» ይለኛል። እኔ ግን በመጀመሪያ የነገርኋችሁን የዛይ ሰዎችን አስባለሁ። ባባቶቻቸው እጅ የተጠበቀው መጽሐፍ በቋንቋቸው ቢናገራቸው ኖሮ ምን ያህል በተደሰቱ! ስለዚህ ከዳዊቱና ከተአምሩ አጠገብ የሲዳምኛ የልጆች መጽሐፍ ይቀመጥ፤ የሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት መጽሐፍም ይቀመጥ። ጎረቤታችን ሌላ እምነት ቢኖረው ገብቶ ሒሳቡን ይሥራ፤ ዘጠኝ ሲባዛ በሰባት በሁሉ ሃይማኖት 63 ነው።

ቁም ሣጥኑን ከግድግዳ አንድ ክንድ እናርቀው፤ እግሮቹንም በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አቁመን የተቃጠለ ዘይት እንጨምርበት። በየሳምንቱ መጽሐፍ ሁሉ ይነሣ፥ ይገለጥ፥ ይራገፍ። በክረምት ከሐይቁ የሚመጣው ርጥበት ብዙ ነውና ፀሓይ በወጣ ቀን መስኮቱ ይከፈት። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ በኪሳራ ተምሬዋለሁ፤ እናንተ በነጻ ውሰዱት።

የብሉይ ኪዳን ኢዮቤልዩ የታሰረ የሚፈታበት፥ የተያዘ ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት እንደ ነበረ ካህናቱ ከኔ ይልቅ ያውቃሉ። እኔም የያዝሁትን ልመልስ። ቍልፉ ይኸው፤ ዛሬ ካንገቴ አውልቄዋለሁ፥ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች አስረክባለሁ። ሁለተኛ ቍልፍ አስቀርጬ ለአስተዳዳሪው አባታችን ሰጥቻለሁና፥ አንዱ ባይገኝ ሌላው ይከፍታል። የሰበካ ጉባኤው ውሳኔ እስኪታወቅም ድረስ ቁም ሣጥኑ በዕቃ ቤቱ ደጅ በበረንዳው ላይ ቅዳሜ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ወንበር የሚያውስ ሰው ቢኖር ደስ ይለናል፤ ባይኖርም ልጆቹ በምንጣፍ ይቀመጣሉ።

አንድ ጸሎት አለኝ። ያ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ስሙንም ሳልጠይቀው ቀርቻለሁ። በሐይቁ ዳር በዐሣ ሥራ የምትተዳደሩ ወንድሞች ብታውቁት ንገሩልኝ። ስለ ከዋክብት የሚናገረውን መጽሐፍ ካዲስ አበባ ሌላ ቅጂ አስፈልጌ አምጥቻለሁ፤ በላይኛው መደርደሪያ በስተግራ ተቀምጧል። ዋስ አያስፈልገውም።